ስለ ብቸኛ ተመስጦና ስለ እውነተኛ የልብ ዕረፍት
አእምሮአቸው በቶሎ ለሚታወክ ሰዎችና ለቤተ ሰዎቻቸው የተጻፈ ትምህርት

በእግዚአብሔር ፊት ዝም ብሎ መቀመጥ መልካም ነገር ነው። ዳሩ ግን አንዱን የሚያድን መድኃኒት ሌላውን እንደሚጎዳ፥ እንዲሁም ለብዙዎች ዕረፍት የሚሰጥ ረጅም ተመስጦ ለአንዳንዶች የአእምሮ መናወጥ መነሻ ሊሆን ይችላል። ይህን ትምህርት የጻፍነው ጸሎትን ለማቃለል አይደለም፤ ጸሎት የሚገባውን ስፍራ እንዲይዝ፥ የታመመም ሰው ሊሸከመው በማይችለው ሸክም እንዳይሰበር ብለን ነው።

በቡሬ፥ በጎሬና በመቱ የምትኖሩ አንባቢዎች ሆይ፥ ይህ ነገር የሩቅ አገር ነገር አይምሰላችሁ። ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ በሩን ዘግቶ ሌሊቱን በንባብ፥ ቀኑንም በጾምና በጸሎት ያሳልፋል። ሌላውም ዐይንን ጨፍኖ በእስትንፋስ ላይ ብቻ የማተኰርን ልማድ ከእጅ ስልኩ ተምሮ፥ ብቻውን ለረጅም ሰዓት ይቀመጣል። ሁለቱም የሚሹት ሰላምን ነው፤ መሻታቸውም አያስነቅፍም። ነገር ግን ሳይኮሲስ የተባለው ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በዚሁ በወጣትነት ዕድሜ ነውና፥ መንገዱን ሳይመረምሩ መሄድ አይገባም።

፩ ሕመሙ ምን እንደ ሆነ

ሳይኮሲስ ማለት ሰው በእውነት ያለውን ነገር ከራሱ ሐሳብ ለመለየት የሚቸገርበት ሕመም ነው። የታመመው ሰው ማንም ሳይናገር ድምፅ ይሰማል፤ ጎረቤቶቹ ሁሉ በርሱ ላይ የተማከሩ ይመስለዋል፤ ከሬዲዮ ወይም ከመንገደኛ ንግግር ለርሱ ብቻ የተላከ መልእክት ያገኘ ይመስለዋል። ከነዚህ ሕመሞች በይበልጥ የታወቀው ስኪዞፍሬንያ ነው።

በአገራችን በቡታጅራና በአካባቢው ሐኪሞች ከ68,000 የሚበልጡ ሰዎችን መርምረው ባጠኑ ጊዜ፥ ከ1,000 ሰዎች ወደ 5 የሚጠጉትን ይህ ሕመም በዘመናቸው እንደ ያዛቸው አገኙ። እንግዲህ ይህ ነገር የጥቂት ቤቶች እርግማን አይደለም፤ በየከተማውና በየጉባኤው መካከል የሚገኝ ሕመም ነው። ደግሞም በዚያው አገር ሕሙማኑን ለብዙ ዓመታት ሲከታተሉ፥ በጽኑ የአእምሮ ሕመም የተያዙት ከሌላው ሕዝብ ወደ 30 ዓመት ያህል ቀድመው እንደሚሞቱ ተረዱ። ስለዚህ ቸልታ ነፍስን የሚያስጠፋ መሆኑን አስተውሉ።

፪ አደጋው ከወዴት እንደሚመጣ

ዐይኑን ጨፍኖ፥ ከሰው ተለይቶ፥ ወደ ውስጡ ብቻ የሚያዳምጥ ሰው የራሱ ሐሳብ እየጎላ ይሰማዋል። ጤነኛው ሰው የገዛ ሐሳቡ መሆኑን ዐውቆ ያልፈዋል። አእምሮው በቶሎ የሚታወክ ሰው ግን ያንኑ ሐሳብ ከውጭ የመጣ ድምፅ አድርጎ ሊቀበለው ይችላል። በዚህም ላይ እንቅልፍ ማጣት ሲጨመር አደጋው ይበዛል። ጤነኛ ሰው እንኳ 2 ወይም 3 ሌሊት ፈጽሞ ካልተኛ የሌለ ነገር ማየትና መስማት ሊጀምር ይችላልና። ረኃብም ሰውነትን ያደክማል፤ ብቸኝነትም የተሳሳተውን ሐሳብ የሚያርም ወዳጅ ያሳጣል። እንግዲህ ዝምታ፥ ዕንቅልፍ ማጣት፥ ረኃብና ብቸኝነት አንድ ላይ ሲገናኙ በደረቅ ሣር ላይ እንደ ወደቀ ፍም ናቸው።

ይህንም የውጭ አገር ሊቃውንት መርምረውታል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. ስለ ተመስጦ የተጻፉ 83 ጥናቶች በአንድነት ሲመረመሩ፥ ተመስጦን ከሚለማመዱ 100 ሰዎች 8 የሚሆኑት ደስ የማያሰኝ ነገር እንዳገኛቸው ታወቀ። ከዚህም የሚበዛው ጭንቀትና የልብ ኀዘን ነበረ፤ የአእምሮ መናወጥ ግን ከዚያ ያነሰ ነው። በጃፓንም ከ1686 እስከ 1769 ዓ.ም. የኖረ ሀኩዊን የተባለ የቡድሃ መምህር፥ በወጣትነቱ ያለ ልክ በተመስጦ ስለ ተጋ ራሱ ታሞ እንደ ነበረ ጽፎአል። ይህን ሕመም የቀደሙት መምህራን ሳይቀሩ ያውቁት ነበረና፥ የዘመናችን ፈጠራ አይደለም።

ነገሩን በቅንነት ለመናገር ግን ይህን መጨመር ይገባል፦ በእንግሊዝ አገር ፖል ቻድዊክ የተባለ ሊቅ ድምፅ ለሚሰሙ ሕሙማን የሚስማማ ልምምድ አዘጋጅቶአል። ነገር ግን ልምምዱ ከ10 ደቂቃ አይበልጥም፤ መሪው ዝምታው እንዳይረዝም እየመላለሰ ይናገራል፤ ሕሙማኑም ብቻቸውን ሳይሆኑ በማኅበር ይቀመጣሉ። እንግዲህ የሚጎዳው ጸጥታ ራሱ አይደለም፤ ልክ የሌለው፥ መሪ የሌለው፥ ብቻውን የሚደረግ ጸጥታ ነው።

፫ የኤልያስ ነገር

በመጀመሪያው መጽሐፈ ነገሥት በምዕራፍ 19 የተጻፈውን የኤልያስን ታሪክ አስተውሉ። ነቢዩ ፈርቶ ሸሸ፤ ብላቴናውን ትቶ ብቻውን ወደ ምድረ በዳ ገባ፤ ከዛፍ በታች ተቀምጦም ሞቱን ለመነ። እግዚአብሔር በዚያን ጊዜ ምን አደረገለት? አልገሠጸውም፤ ሌላ ሱባኤም አልጨመረበትም። አስቀድሞ ተኛ፤ መልአክም ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ በልቶም ዳግመኛ ተኛ፤ ሁለተኛም በላ። ከዚህ በኋላ በእግሩ ረጅም መንገድ ሄደ። በመጨረሻ በኮሬብ ተራራ የእግዚአብሔርን ቃል ሰማ፤ እርሱም ወደ ሰዎች መካከል፥ ወደ ሥራው፥ ኤልሳዕም ወደሚባል ባልንጀራ መለሰው።

ሥርዓቱን ተመልከቱ፦ እንቅልፍ፥ እንጀራ፥ ጕዞ፥ ሥራና ባልንጀራ። የደከመን ልብ ያጽናና ዘንድ እግዚአብሔር የመረጠው መንገድ ይህ ከሆነ፥ እኛ በታመመው ወንድማችን ላይ ረኃብንና ትጋሃ ሌሊትን ስለ ምን እንጭናለን?

የምድረ በዳ አባቶችም እንዲሁ አስተማሩ። ስለ ታላቁ እንጦንስ በሚነገረው ታሪክ ልቡ በታከተ ጊዜ መልአክ ታየው፤ እርሱም ተቀምጦ ገመድ ይታታ ነበር፥ ተነሥቶም ይጸልይ ነበር፥ ደግሞ ተቀምጦ ይታታ ነበር። ከዚህም እንጦንስ ጸሎትና የእጅ ሥራ እየተፈራረቁ መደረግ እንዳለባቸው ተማረ።

፬ ስለ መድኃኒትና ስለ ጸሎት

ከሁሉ የሚብሰው ጕዳት የሚመጣው የታመመው ሰው እምነቱን ለማሳየት ብሎ የሐኪሙን መድኃኒት ሲተው ነው። መድኃኒቱን በድንገት የተወ ሰው ሕመሙ ብዙ ጊዜ ይመለስበታል፤ አንዳንዴም ከፊተኛው ይከፋል። ስለዚህ ማንም የጸሎት መሪ፥ ማንም ዘመድ መድኃኒቱን ተው ብሎ ሊመክረው አይገባም። መድኃኒቱ ቢያደክመው ወይም ቢያወፍረው ለሐኪሙ ይንገር፤ ሐኪሙ ሊለውጥለት ወይም ሊቀንስለት ይችላልና።

ወንጌላዊው ማቴዎስ በምዕራፍ 4 ወደ ጌታ የመጡትን ሲቈጥር አጋንንት ያደረባቸውን ለብቻ፥ በሌላ ደዌ የተያዙትን ለብቻ ጽፎአል። እንግዲህ የአእምሮ ሕመም ሁሉ የጋኔን ሥራ ነው የሚል ሰው መጽሐፍ ራሱ የለየውን ይቀላቅላል። ሉቃስም ሐኪም ነበረ፤ ሐዋርያውም የተወደደ ብሎ ጠራው እንጂ አልናቀውም። በአገራችንም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በኤድስ የተያዙ ሰዎች ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ ተናገሩ። ለአካል ሕመም የተባለው ለአእምሮ ሕመምም የቀና ምክር ነው።

ሕክምናም ከእኛ ሩቅ አይደለም። በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሕሙማንን ሲያክም ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ በጅማና በመቱ ካርል ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ከቡሬ ተነሥቶ በጎሬ በኩል መቱ መድረስ የሚያስፈራ ጕዞ አይደለም። የታመመውን በእግር ብረት አስሮ በጓዳ ከመሸሸግ ይልቅ፥ አንድ ቀን ሥራ ፈትቶ ወደ ሐኪም ማድረስ ይሻላል።

፭ በረጅም ተመስጦ ፈንታ የሚደረግ

አእምሮው የታወከበት፥ ወይም ከወላጆቹና ከወንድሞቹ መካከል እንዲህ ያለ ሕመም ያገኘው ሰው ልቡን ለማረጋጋት ይህን ያድርግ።

መጀመሪያ፥ እንቅልፉን ይጠብቅ። በየሌሊቱ በአንድ ሰዓት ይተኛ፤ ተማሪም ቢሆን ለፈተና ብሎ ሌሊቱን ሙሉ አይንቃ።

ሁለተኛ፥ ጸሎቱ አጭርና በድምፅ የሚነበብ ይሁን። ዐይኑን ገልጦ፥ ከተቻለም ከሌላ ሰው ጋር፥ አንድ መዝሙረ ዳዊት በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ ያንብብ፤ ከዚያም ይነሣ። ከጉባኤ ጋር መዘመር ብቻን ሆኖ ከማሰላሰል ይልቅ ለርሱ ይጠቅመዋል።

ሦስተኛ፥ እጁን ሥራ ያስይዝ። ቡና መልቀም፥ ጓሮ መኰትኰት፥ ፈትል መፍተል፥ እንጨት መፍለጥ፥ እነዚህ ሁሉ ሐሳብን ከውስጥ ወደ ውጭ ያወጣሉ። ከባልንጀራ ጋር በእግር መሄድም እንዲሁ ነው።

አራተኛ፥ ጭንቀት ድንገት በያዘው ጊዜ ዐይኑን አይጨፍን። እግሮቹ መሬት መርገጣቸውን ያስተውል፤ ፊቱን በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ፤ በዙሪያው የሚያያቸውን 5 ነገሮች በስማቸው ይጥራ፤ እስትንፋሱንም ቀስ አድርጎ ያውጣ። ይህ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል።

አምስተኛ፥ ከጫት፥ ከሐሺሽና ከአረቄ ይራቅ። ጫት እንቅልፍን ይነሣል፤ ሐሺሽም ሳይኮሲስን እንደሚያስነሣ በብዙ ጥናት ታውቆአል። ስለ ቡናም እንናገር፤ አገራችን የቡና አገር ነውና። ከጎረቤት ጋር ቡና መጠጣት ብቸኝነትን ያርቃልና ጉባኤውን አይተው፤ ነገር ግን አቦሉን ለሌሎች ትቶ በረካውን ይጠጣ፥ ከመሸ በኋላም አይጠጣ።

ስድስተኛ፥ ስለ ጾም ሐኪሙንና የነፍስ አባቱን ወይም መጋቢውን ይጠይቅ። ሕመምተኛ ከጾም ቢያርፍ ኀጢአት አይሆንበትም፤ የአባቶች ሥርዓትም ለሕሙማን ይራራል።

፮ የአደጋ ምልክቶች

ቤተ ሰዎች ሆይ፥ ከእናንተ አንዱ ሌሊት መተኛት ቢተው፥ ከሰው ቢርቅ፥ ከማይታይ ሰው ጋር ቢነጋገር፥ ያለ ምክንያት ሰዎችን ቢጠራጠር፥ ለርሱ ብቻ የተገለጠ ታላቅ መልእክት አለኝ ቢል፥ ንጽሕናውንና ትምህርቱን ቢተው፥ ጾሙንና ተመስጦውን አስተዉት፥ ፈጥናችሁም ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ራሱን ወይም ሌላውን እንዲገድል የሚያዝዝ ድምፅ የሚሰማ ከሆነ ግን አንዲት ሰዓት እንኳ ብቻውን አትተዉት፤ ስለቱንና ገመዱን፥ ለእህል የሚሆነውንም መርዝ አርቁ፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል አድርሱት። ከርሱ ጋር ስለ ድምፁ አትከራከሩ፥ አትሣቁበትም፤ በለሰለሰ ቃል አብራችሁት መሆናችሁን ንገሩት።

በማርቆስ ወንጌል በምዕራፍ 5 የተጻፈው ያ በመቃብር መካከል ይኖር የነበረ ሰው በተፈወሰ ጊዜ፥ ለብሶና ልቡ ተመልሶለት ተቀምጦ ተገኘ። ጌታን ሊከተለው ቢለምንም ጌታ ወደ ቤቱና ወደ ዘመዶቹ ሰደደው። እንግዲህ የፈውስ ፍጻሜው በዋሻ መሸሸግ አይደለም፤ ወደ ቤት መመለስ ነው። እኛም የታመመ ወንድማችንን የምንቀበልበት ቤት፥ የምናስቀምጥበት ወንበር፥ የምናካፍለው እንጀራ ይኑረን።

ለማሰብ የሚሆኑ ጥያቄዎች

፩ እግዚአብሔር ኤልያስን ከማናገሩ አስቀድሞ ምን ሰጠው? ስለ ምን?
፪ ዝምታ፥ እንቅልፍ ማጣት፥ ረኃብና ብቸኝነት አንድ ላይ ሲሆኑ ለታመመ ሰው የሚያስፈሩት ስለ ምንድር ነው?
፫ መድኃኒቱን ሊተው ላሰበ ወዳጅህ ምን ትለዋለህ?
፬ በሰፈርህ በጓዳ የተሸሸገ ሕመምተኛ ካለ፥ በዚህ ሳምንት ለቤተ ሰዎቹ ምን ልታደርግ ትችላለህ?