ጅብ ያስደነገጠውን ውሻ ወደ ጥበቃ ሥራው መመለስ

የትምህርቱ ዓላማ፦ ሠልጣኝ አርሶ አደሮች የተደናገጠ ውሻን ምልክት ለይተው እንዲያውቁ፣ ውሻውን ደረጃ በደረጃ ማረጋጋት እንዲችሉና ዘዴውን ለልማት ቡድን አባሎቻቸው እንዲያሳዩ ማስቻል ነው።

1. መግቢያ

ሌሊት ጅብ ወደ በጎች ጉረኖ ሲቀርብ ቀድሞ የሚያስጠነቅቀን ውሻ ነው። ይሁን እንጂ ጅብ አንድ ጊዜ ክፉኛ ካባረረው በኋላ ጎበዝ የነበረው ውሻ ሲመሽ ቤት ገብቶ ይሸጎጣል። ብዙዎቻችን «ፈሪ ሆነ፣ ከእንግዲህ አይረባም» ብለን እንመታዋለን ወይም እናባርረዋለን። የተባረረ ውሻ ክትባት ሳያገኝ በየመንደሩ ይዞራል፤ ለእብድ ውሻ በሽታ መዛመትም ምክንያት ይሆናል። ጉረኖውም ያለ ጠባቂ ያድራል።

2. በቅድሚያ ቁስል መኖሩን ማረጋገጥ

ጅብም የእብድ ውሻ በሽታን ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለዚህ ውሻው ከተነከሰ ወይም መነከሱ ከተጠረጠረ፦
• ቁስሉን በባዶ እጅ አትንኩ፤ ልጆችን አርቁ።
• ለብቻው አስራችሁ ወዲያውኑ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳውቁ። የበሽታው ምልክት ከሳምንታት እስከ ወራት ዘግይቶ ሊታይ ስለሚችል የቁስሉ መድረቅ ማረጋገጫ አይሆንም።
• ሰው ከነከሰ ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥባችሁ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ከዚህ በታች ያለው ትምህርት ላልተነከሰ ወይም ባለሙያ አይቶ ለፈቀደው ውሻ ብቻ ነው።

3. የፍርሃት ምልክቶች

ጭራውን በእግሮቹ መካከል ይሸጉጣል፤ ጆሮውን ወደ ኋላ ያስተኛል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ምግብ ይተዋል፤ በትንሽ ኮሽታ ይደነብራል፤ ሲጠጉት ያጉረመርማል። ምራቁ ከተዝረበረበ፣ መዋጥ ካቃተው ወይም ያለ ምክንያት ከተናከሰ ግን ፍርሃት ብቻ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ባለሙያ ጥሩ።

4. የማረጋጋት ደረጃዎች

ሀ/ ዕረፍት፦ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ጸጥ ያለ፣ ጀርባው የተከለለ ማደሪያ ስጡት። ምግብና ውኃ በተለመደው ሰዓት፣ የሚያውቀው አንድ ሰው ያቅርብለት።

ለ/ መቅረብ፦ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፤ እሱ ራሱ ይምጣ። ሲመጣ በለሰለሰ ድምፅ አነጋግሩት። ማባበል ፍርሃቱን አያባብስም።

ሐ/ በቀን መለማመድ፦ በጠራራ ፀሐይ ወደ ጉረኖው አቅጣጫ አብራችሁት ሂዱ። መፍራት ሲጀምር ቁሙ፤ ሲረጋጋ የሚወደውን ምግብ ቁራሽ ሰጥታችሁ ተመለሱ። በየቀኑ ጥቂት እርምጃ ጨምሩ።

መ/ በምሽት መለማመድ፦ ቀን ጉረኖው አጠገብ ያለ ስጋት መተኛት ሲጀምር፣ አመሻሽ ላይ ለአጭር ጊዜ አብራችሁት ቆዩ። ከዚያም ጊዜውን አርዝሙ። ከደነበረ ወደ ቀድሞው ደረጃ ተመለሱ። አንዱ ውሻ በቀናት፣ ሌላው በወራት ይድናል።

5. ማድረግ የሌለብን

መምታት፣ መጮህ፣ ከተደበቀበት መጎተት፣ በግድ ጉረኖው አጠገብ አስሮ ማሳደር። እኔ ራሴ በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት አንድ አርሶ አደር «እሰረው፣ ይለምደዋል» ብዬ መክሬ ነበር። ውሻው በሦስተኛው ሌሊት ገመዱን በጥሶ ጠፋ፤ አልተመለሰም። የታሰረ ውሻ ማምለጥ ስለማይችል ፍርሃቱ እየባሰ እንደሚሄድ የተረዳሁት ያኔ ነው።

ጅብ የገባበትን የአጥር ቀዳዳም ድፈኑ፤ አጥሩን በእሾህ አጠናክሩ። ጅቡ በየሌሊቱ እየተመላለሰ ውሻው ሊረጋጋ አይችልም።

6. የመወያያ ጥያቄዎች

• በአካባቢያችሁ ከጅብ ጥቃት በኋላ የተባረሩ ውሾች አሉ? ምን ደረሰባቸው?
• ውሻችሁ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የተከተበው መቼ ነው?
• ከቤተሰባችሁ ውሻውን ለማረጋጋት የሚመረጠው ማን ነው? ለምን?