«ወባ የመስከረም በሽታ ነው» ብዬ ጽፌ ነበር

ባለፈው ሴሚስተር ለዜና አጻጻፍ ትምህርት ስለ ወባ አጭር ዜና ጻፍኩ። መግቢያዬ «ወባ ክረምት ሲወጣ የሚመጣ በሽታ ነው» የሚል ነበር። ከድሬዳዋ የመጣ የክፍላችን ልጅ አነበበውና «ታናሽ ወንድሜን እኮ የያዘው በበጋ ነው። ወቅቱ አይደለም፣ ጉንፋን ነው ብለን ሦስት ቀን ቤት አቆየነው» አለኝ። ልጁ ድኗል። እኔ ግን ነገሩ ከነከነኝና ማንበብ ጀመርኩ።

ውድ አንባቢያን፣ መግቢያዬ ሙሉ በሙሉ ስሕተት አልነበረም። በአገራችን ወባ በብዛት የሚሰራጨው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ዝናቡ ጋብ ሲል ውኃ በየጉድጓዱና በየከብቱ ኮቴ ይቀራል፤ ትንኟም እንቁላሏን እዚያ ትጥላለች። ሙቀትም ወሳኝ ነው። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተሕዋስ በትንኟ ሆድ ውስጥ አድጎ ለመተላለፍ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 12 ቀን ገደማ ይበቃዋል፤ በ20 ዲግሪ ግን ወደ 28 ቀን ይፈጅበታል። አብዛኞቹ ትንኞች ደግሞ ያን ያህል አይኖሩም። ደጋውን የሚጠብቀው ብርዱ ነው የሚባለው ለዚህ ነው። ዝናቡና ሙቀቱ ከወትሮው ሲበዛ ግን ጥበቃው ይላላል። እ.ኤ.አ. በ1958 ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው አካባቢዎች የተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150 ሺህ ያህል እንደገደለ ይገመታል።

ታዲያ የድሬዳዋው ከየት መጣ? አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የምትባል የእስያ ትንኝ አለች። በኢትዮጵያ መኖሯ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ነው። ይቺኛዋ ከተማ ይስማማታል፤ በበርሜል፣ በሮቶና በግንባታ ቦታ በተጠራቀመ ውኃ ትራባለች። ቧንቧ ሲጠፋ ሰው ውኃ ያጠራቅማል፤ ዝናብ ባይኖርም ለእሷ ቤት ተሠራላት ማለት ነው። በድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓመቱን ሙሉ የተመዘገበው የወባ ሕመምተኛ 205 ነበር፤ በ2022 ግን በመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት ብቻ ከ2,400 በላይ ሆነ።

ዜናዬን አስተካክዬ መልሼ አስገባሁ። ነገ ሬዲዮ ጣቢያ የምንቀጠር ልጆች ስለ ወባ በመስከረም ብቻ ካወራን፣ በበጋ የሚያተኩሰውን ልጅ ቤተሰቡ ቤት ያቆየዋል። በርሜሉ ይከደን፤ ትኩሳት ያለበት ሰው ወሩ ምንም ይሁን ምን ቶሎ ይመርመር። አዲሱ መግቢያዬ ይኸው ነው።