የእሳት መከላከል ምህንድስና ያዋጣልን?

በዚህ ዓመት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስንገናኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የምንጠያየቀው «ምን ልታጠና አስበሃል?» በማለት ነው። ሕክምና የሚለው ብዙ ነው፤ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ የሚለውም አይጠፋም። እኔ «የእሳት መከላከል ምህንድስና» ስል ግን ሁሉም ይሥቃል። አባባ እንኳ «እሳት ለማጥፋት ውሃና ጎረቤት ይበቃል፤ ለዚህም ዲግሪ ኖሯል?» ብለውኛል። ስለዚህ ነገሩ የሚያዋጣ መሆን አለመሆኑን በሒሳብ መርምሬ ለአንባቢዎች ለማቅረብ አሰብሁ።

እሳት እንዲነድ የሚቃጠል ነገር፣ ሙቀትና ኦክስጅን ያስፈልጉታል፤ ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል ይጠፋል። ይህን ሁላችንም ተምረናል። የእሳት መሐንዲስ ሥራ ግን እሳቱ ከመነሣቱ በፊት ነው። ጢሱ በየት በኩል እንደሚወጣ፣ ሰው በስንት ደቂቃ ከሕንፃው ሊሸሽ እንደሚችል፣ ውሃውም በምን ያህል ግፊት እንደሚደርስ አስቀድሞ ያሰላል። ትምህርቱም አዲስ አይደለም፤ በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ እ.አ.አ. በ1903፣ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲም በ1956 ተጀምሯል።

እኛ የጣርማ በር ልጆች ይህን ዕውቀት የምንፈልግበት የራሳችን ምክንያት አለን። ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን በስቶ ያወጣው፣ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው ዋሻ በደጃችን ነው። ወደ ደሴ የሚሄድ የጭነት መኪና ያልፍበታል፤ ነዳጅ የጫነ ቦቴም ሲገባበት አይቻለሁ። እ.አ.አ. በ1999 በፈረንሳይና በኢጣልያ መካከል ባለው በሞን ብላን ዋሻ ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ተቃጥሎ 39 ሰዎች ሞተዋል፤ እሳቱም ከ2 ቀን በላይ ነዷል። ልብ በሉ፤ መኪናው የጫነው ዱቄትና ማርጋሪን እንጂ ቤንዚን አልነበረም።

ደግሞ የቦታችን ከፍታ አለ። ፓምፕ ከጕድጓድ ውሃ የሚስበው የውጭው አየር ውሃውን ወደ ላይ ስለሚገፋው ነው። በባሕር ጠረፍ የአየሩ ግፊት ውሃን ቢበዛ እስከ 10.3 ሜትር ሊያወጣ ይችላል። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በእኛ ተራራ ላይ ግን አየሩ ስስ ስለ ሆነ ይኸው ልክ ወደ 7 ሜትር ይወርዳል፤ በሥራ ላይ ሲውል ደግሞ ከዚህም ያንሳል። የሞተሩም ጉልበት በአየሩ መሳሳት ይቀንሳል። እንግዲህ ለባሕር ዳርቻ ከተማ የተሰላውን ፓምፕ አምጥተን እዚህ ብንተክለው በጭንቅ ጊዜ ሊያሳፍረን ይችላል። ይህን ለአባባ ባስረዳኋቸው ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሥቁ አዳመጡኝ።

አሁን ወደ ወጪው ልምጣ። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ባለው የወጪ መጋራት ሥርዓት መሠረት ተማሪው ከተመረቀ በኋላ የድርሻውን ከደመወዙ ይከፍላል። ለምሳሌ ደመወዜ 10,000 ብር ቢሆንና 10 በመቶው ቢቆረጥ በወር 1,000 ብር ነው። ይህ የሚያስፈራ አይደለም። ከባዱ ዕዳ ሌላ ነው። ምህንድስና 5 ዓመት ይፈጃል፤ በነዚያ ዓመቶች ሥራ ይዤ በወር 3,000 ብር ባገኝ ኖሮ 180,000 ብር ይሆን ነበር። አባባ የሚቈጥሩት ይህን ነው፤ ከበስተኋላዬም ሦስት ታናናሾች አሉ። በዚህ ላይ ለእሳቱ ትምህርት ብቻ ውጭ አገር በራስ ገንዘብ መሄድ ለእንደኛ ዓይነቱ ቤት የማይታሰብ ነው። በቤልጅየም፣ በስዊድንና በስኮትላንድ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች በኅብረት የሚሰጡት የ2 ዓመት የማስተርስ ትምህርት አለ፤ ለጥቂት ተወዳዳሪዎችም ወጪያቸው ሲሸፈንላቸው ቆይቷል። ይሁን እንጂ ወደዚያ ለመግባት መጀመሪያ ሌላ ዲግሪ መያዝ ግድ ነው።

ሥራውስ ይገኛልን? በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቍጥር 624 ስለ እሳት መከላከያ ደንግጓል። የደብረ ብርሃን የኢንዱስትሪ ፓርክ በ2011 ዓ.ም. ተመርቋል፤ በከተማው ብርድ ልብስና ቢራ የሚያመርቱ ፋብሪካዎችም አሉ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በመርካቶ ሸማ ተራ የደረሰውን ቃጠሎ ያየ ነጋዴና የኢንሹራንስ ኩባንያ ምክር ሳይፈልግ አይቀርም። ነገር ግን እውነቱን ልናገር፤ ቀዩን የእሳት ማጥፊያ ግድግዳ ላይ ከሰቀለ ግዴታውን የፈጸመ የሚመስለው አሠሪ ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ለእሳት መሐንዲስ ደመወዝ አይመድብም። ስለ ሆነም በዚህ ጠባብ ሙያ ብቻ መጀመር ለድኻ ልጅ አደገኛ ሆኖ አግኝቸዋለሁ።

ስለዚህ ቅጹን ስሞላ በመጀመሪያው ተራ የምጽፈው መካኒካል ምህንድስናን ነው። ፓምፕ፣ የውሃ ቧንቧና የአየር ማስወጫ ሁሉ በርሱ ውስጥ ስላሉ የእሳት ሥራ ቢታጣ እንኳ በሌላ ፋብሪካ እንጀራ አላጣም፤ የእሳቱን ትምህርት በኋላ እጨምርበታለሁ። አባባ በፓምፑ ነገር ተስማምተዋል። በ180,000 ብሩ ላይ ግን እስከ ዛሬ ማታ ድረስ እየተከራከርን ነው።