በአጥቢያዎ የጉብኝት ቡድን ያቋቁሙ

ዕድሜ ወይም ሕመም ቤት ያዋላቸው ምእመናን በየአጥቢያው አሉ። እነሱን የሚጠይቅ ቡድን በሰንበት ትምህርት ቤትዎ ሥር ማቋቋም ይችላሉ። የሚያስፈልገው ዕቃ ትንሽ ነው፦ አንድ ደብተር፣ አንድ የቃለ ጉባኤ መዝገብ፣ እስክሪብቶ፣ ሁለት ጓጉንቸር የሚገባበት የቆርቆሮ ሣጥን። ቅደም ተከተሉን ግን አያዛቡ።

1. ወደ ንስሐ አባትዎ ይሂዱ። ሐሳብዎን ይንገሯቸው፤ የሚጸልዩበትን ጊዜ ይወስኑልዎት። የአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን ጳውሎስንና በርናባስን ለአገልግሎት የላከችው ጾማና ጸልያ ነው። እርስዎም ሰው መጥራት የሚጀምሩት ከዚህ በኋላ ይሁን።

2. ፈቃድ ይጠይቁ። በመጀመሪያ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ አመራር፣ ቀጥሎ ለደብሩ አስተዳዳሪና ለሰበካ ጉባኤው በጽሑፍ ያቅርቡ። ፈቃድ የሌለው ቡድን መልካም ቢሠራም ጥርጣሬ አያጣውም።

3. ችግሩን በዓይንዎ ይዩ። ነህምያ ኢየሩሳሌም ደርሶ ሦስት ቀን ከቆየ በኋላ፣ ጥቂት ሰዎች አስከትሎ የፈረሰውን ቅጥር በሌሊት ዞሮ አየ። ሕዝቡን ለሥራ የጠራው ካየ በኋላ ነው። ካህናቱን ይጠይቁ፤ የዕድሩን ዳኛም ያነጋግሩ። የእያንዳንዱን ሰው ስም፣ ሰፈርና የሚያስፈልገውን ነገር በደብተሩ ይጻፉ። ለመጀመሪያው ጊዜ ከዐሥር ቤት አይለፉ። ደብተሩ የሰው ምስጢር ነው፤ በየጠረጴዛው አይተዉት።

4. ሰባት ሰው ያስመርጡ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደምናነበው፣ በኢየሩሳሌም የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በየዕለቱ በሚሰጠው እርዳታ ተዘነጉ ተብሎ ማጉረምረም ተነሣ። ሐዋርያት ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አዘዙ፤ የመረጠው ሕዝቡ ነው፤ እጃቸውን የጫኑባቸው ደግሞ ሐዋርያት ናቸው። ስለዚህ ብቻዎን አይምረጡ። ዕጩዎችን ከአባላቱ ይቀበሉ፤ ስለ እያንዳንዱ ጎረቤቱ ምን እንደሚል ያጣሩ። ንግግር አዋቂነት ለዚህ ሥራ መስፈርት አይሆንም፤ በቀጠሮው የሚገኝና ምስጢር የሚጠብቅ ሰው ይፈልጉ። ሰባቱም የእርስዎ ጓደኞች ከሆኑ ምርጫውን ይድገሙት። ለአረጋውያን እናቶች የሚሆኑ እህቶች የግድ ይኑሩበት። በአጥቢያው ነርስ ካለ ይለምኑት።

5. ሹመቱን ያቆዩ። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ዲያቆናት አስቀድመው እንዲፈተኑ አዟል። ሰባቱም ሦስት ወር ያለ ማዕረግ ያገልግሉ።

6. ሥራውን ያካፍሉ። ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ አማቱ ዮቶር አይቶ፣ ከሺህ እስከ ዐሥር አለቆችን እንዲሾም መከረው። እርስዎም ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና የንብረት ኃላፊ ይለዩ። ለአንድ ሰው ሁለት ኃላፊነት አይስጡ።

7. ሁለት ሁለት አድርገው ይላኩ። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን የላከው እንዲሁ ነው። ልምድ ያለውን ከአዲሱ ጋር ያጣምሩ። ሴት ብቻዋን ወዳለችበት ቤት ከሁለቱ አንዷ እህት ትሁን።

8. ጉብኝቱን በሥርዓት ያድርጉ። ከመሄድዎ በፊት ይደውሉ። ሕመሙን ይጠይቁ፤ ለስኳር ሕመምተኛ ለስላሳና ጭማቂ አይያዙ። በጾም ቀን የጾም ምግብ ይውሰዱ። ሲደርሱ ቁጭ ብለው ያዳምጡ፤ ለምክር አይቸኩሉ። ውኃ መቅዳት ወይም ዕቃ ማጠብ ካለ ይሥሩ። አጭር ጸሎት አድርሰው ሳያደክሟቸው ይነሡ። ንስሐ ወይም ቅዱስ ቁርባን የሚሹ ካሉ ያንኑ ዕለት ለካህን ይንገሩ፤ ይህ ለነገ የሚባል አይደለም። ፎቶ ፈጽሞ አያንሡ። የተቸገረ ሰው እርዳታ ሲቀበል መታየት የለበትም፤ በዚህ ጉዳይ ምንም ዓይነት ሰበብ አይቀበሉ።

9. ገንዘቡን በግልጽ ይያዙ። የሣጥኑን ሁለት ቁልፎች ለሁለት ሰዎች ይስጡ። ሣጥኑ ሲከፈት ሁለቱም ይኑሩ። ቆጥረው ይፈራረሙ። ገቢውን ሁሉ በአጥቢያው ሕጋዊ ደረሰኝ ያስገቡ። ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ስጦታ ብቻውን አልያዘም፤ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም አብሮት እንዲሄድ አድርጓል።

10. በወር አንድ ጊዜ ተሰብሰቡ። በጸሎት ጀምራችሁ ከወንጌል አንድ ክፍል አንብቡ። ከዚያ በየቤቱ የታየው ይነገር፤ ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ከአንድ ሰዓት አይለፍ።

11. ጠብ ሲነሣ የማቴዎስ ምዕራፍ 18ን ሥርዓት ይከተሉ። የተቀየመው መጀመሪያ ወንድሙን ለብቻው ያነጋግር። ካልሰማው አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዞ ይመለስ። ይህም ካልሆነ ወደ አባቶች ያቅርበው። «እገሌ እንዲህ አለ» የሚል ሰው ወደ እርስዎ ሲመጣ ወሬውን አይቀበሉ፤ ወደ ባለቤቱ ይመልሱት። ብዙ ማኅበር የፈረሰው ይህን የመጀመሪያውን ደረጃ በመዝለል ነው።

12. ሌላው የሚሸሸውን ሥራ እርስዎ ይውሰዱ። አዳራሹን ይጥረጉ፤ ሩቁን ቤት ለራስዎ ያድርጉ። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበው በመጨረሻዋ ሌሊት ነው፤ መሪነትን ያስተማረበት መንገድ ይህ ነው።

13. ተተኪ ያዘጋጁ። ከስድስተኛው ወር ጀምሮ ስብሰባውን ሌላ ሰው እንዲመራ ያድርጉ። ዓመት ሲሞላ ምርጫ ያስደርጉ፤ ደብተሩን፣ መዝገቡንና ሣጥኑን በፊርማ ያስረክቡ።

በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ንስሐ አባትዎን ያግኙ። እስከዚያው ግን በሰፈርዎ ከቤት የማይወጣ አንድ ሰው ካለ፣ ቡድኑን ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ይጠይቁት።