ከፒካፕ መሪና እግር ሥር የሚሰማ ኳኳታ እንዴት እንደሚመረመር

ዕቃውን በፒካፕ የሚያመላልስ ነጋዴ ከመኪናው እግር ሥር ኳኳታ ሲሰማ ከሁለት ስሕተቶች ሊጠበቅ ይገባዋል። አንደኛው ድምፁን ንቆ ሥራውን መቀጠል ነው፤ ሁለተኛው ምክንያቱ ሳይታወቅ መለዋወጫ እየገዙ መሞከር ነው። የፊተኛው ሕይወትንና ንብረትን ለአደጋ ያጋልጣል፤ የኋለኛው ገንዘብን ያባክናል፥ ኳኳታውም እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ከመግዛት አስቀድሞ መመርመር ያስፈልጋል።

ኳኳታ የሚመጣው ሁለት ክፍሎች በሚገናኙበት ቦታ ክፍተት ሲፈጠር ነው። ክፍተቱም የሚገለጠው በዚያ ቦታ ላይ ያረፈው ኃይል አቅጣጫውን ሲለውጥ ነው። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያው ጥያቄ «የቱ ክፍል ተበላሸ?» ሳይሆን «ድምፁ መቼ ይሰማል?» የሚለው ነው።

1ኛ/ መኪናው ቆሞ መሪው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲዞር የሚሰማ ከሆነ፥ የሚጠረጠሩት የመሪው ዘንግ ክሮቼራ፥ የመሪው ቴስቲናዎችና መሪውን ከሻንሲው ጋር የሚያስሩት ብሎኖች ናቸው።

2ኛ/ በኮረኮንች መንገድ በዝግታ ሲነዳ ቶሎ ቶሎ የሚመታ ከሆነ፥ የስታቢላይዘሩ ማያያዣዎችና የአሞርዛተሩ ጎሚኒዎች አስቀድመው ይታያሉ።

3ኛ/ ፍሬን ሲያዝ ወይም መኪናው ሲነሣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚመታ ከሆነ፥ የፊት ክንዶች ጎሚኒዎች፥ የኋላ ባሌስትራ ማሰሪያዎች፥ ወይም ኃይልን ወደ ኋላ የሚያስተላልፈው ዘንግ ክሮቼራ ሊሆን ይችላል።

ይህ ከተለየ በኋላ ምርመራው ወጪ ከማያስከትለው ይጀምራል። ክሪኩ፥ መፍቻዎቹና ስኮርታ ጎማው በቦታቸው በደንብ መታሰራቸው ይታያል፤ የላላ ስኮርታ የተሰበረ እግር ያለ ሊያስመስል ይችላልና። ከዚያም ሞተሩ ጠፍቶ፥ የእጅ ፍሬን ተይዞ፥ ጎማዎቹ መሬት ላይ እንዳሉ አንድ ሰው መሪውን በጥቂቱ ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሳል። ሌላው ሰው እያንዳንዱን ቴስቲና በእጁ ይዳስሳል፤ ክፍተት ያለበት ቴስቲና በጣት ሥር ሲመታ ይታወቃል።

ቀጥሎ የፊቱ ጎማ ከመሬት ይነሣል። መኪናው በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ ድጋፍ ላይ ማረፍ አለበት። ሞላው በታችኛው ክንድ ላይ የተቀመጠ ከሆነ፥ ድጋፉ ከዚያው ክንድ ሥር ወደ ጎማው ተጠግቶ ይደረጋል፤ አለዚያ ሞላው ቴስቲናውን ወጥሮ ስለሚይዘው ክፍተቱ ይሰወራል። ጎማው ከግራና ከቀኝ ተይዞ ሲነቀነቅ የሚወዛወዝ ከሆነ፥ ብዙ ጊዜ ጉድለቱ ከመሪው ቴስቲና ነው። ከላይና ከታች ተይዞ ሲወዛወዝ ግን ጥርጣሬው በኩሽኔታውና በክንዱ ቴስቲና መካከል ይሆናል። ሁለቱን ለመለየት ሌላ ሰው ፍሬኑን ይረግጣል፤ መወዛወዙ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ቴስቲናው ነው።

ጭነት በሚበዛበት ፒካፕ የኋላው ባሌስትራ አይዘነጋም። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ብሎኖች ሲላሉ አክስሉ ከቦታው ሊሸሽ ይችላል። ከብሎኖቹ አጠገብ የሚታይ የዝገት ዱቄት ወይም በመፋተግ ያበራ ብረት የመላላት ምልክት ነው።

ያለቀ ጎሚኒ ለጥቂት ቀን ሊታገሥ ይችላል፤ ክፍተት የያዘ ቴስቲና ግን አይታገሥም። ቴስቲናው ከጉድጓዱ ከወጣ ጎማው ተጣጥፎ መሪው ከነጂው ቁጥጥር ውጭ ይሆናል። ይህ የተገኘበት መኪና ጭነቱ ቢቸኩልም ሳይጠገን መንገድ ሊወጣ አይገባውም።

ወደ ጋራዥ ሲኬድም ባለቤቱ «ይህን ለውጡ» ብሎ ከማዘዝ ይልቅ ድምፁ መቼና በየትኛው ወገን እንደሚሰማ በጽሑፍ ቢሰጥ፥ የተለወጠውንም አሮጌ ዕቃ ቢቀበል ይጠቀማል። የክንድ ጎሚኒ ብሎኖች የመጨረሻ ጥብቀታቸውን የሚያገኙት መኪናው በጎማው ቆሞ ሳለ ነው፤ ተንጠልጥሎ ከታሰረ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ቶሎ ይቀደዳል። የመሪ ቴስቲና ከተለወጠ በኋላ አላይመንት ይደረጋል። በመጨረሻም መኪናው ኳኳታው በተሰማበት በዚያው መንገድ እንደገና ይነዳል፤ ሒሳቡም ከዚያ በኋላ ቢከፈል ይመረጣል።