እስኪ ደብዳቤውን ወዲህ በይው

እስኪ ደብዳቤውን ወዲህ በይው። «ለቤተሰቦቻችን አስደሳች ዜና» ይላል፣ አይደል? የእኔም እንዲሁ ነበር የጀመረው። አስደሳች የተባለው ነገር፣ በእግር ሰባት ደቂቃ የነበረው የልጄ ቻርተር ትምህርት ቤት ከእኛ ሰፈር ተነሥቶ ወደ ኖርዝ ኢስት መሄዱ ነበር።

ዛሬ ማታ ምንም አትወስኚ። እኔ በንዴት በሳምንቱ ሄጄ «ልጄን አስወጣለሁ» ብዬ ፈረምኩ። ንዴቱ በርዶልኝ ስመለስ ዌይትሊስት ላይ መጨረሻ ሆና ተራዋ እስኪደርስ ቆየችኝ። እዚህ ዲሲ የቻርተር ወንበር በሎተሪ የሚገኝ ነው፤ ከለቀቅሽው እንደገና ዕጣ ነው። አንቺ ወንበሩን እንደያዝሽ ሌላ ቦታ አመልክቺ። ማመልከት የያዝሽውን አያሳጣሽም፤ ሌላው ጋ ስትመዘግቢው ነው የሚለቀቀው። የትንንሾቹ ማመልከቻ ማርች መጀመሪያ ላይ ይዘጋል፣ እንዳታሳልፊው። ልጁ ኪንደርጋርተን ከደረሰ ደግሞ የሰፈራችሁ የመንግሥት ትምህርት ቤት ያለ ሎተሪ ይቀበለዋል። ስለዚህ ሜዳ ላይ አትወድቂም።

«ትምህርት ቤት እንዴት ዕቃውን ጠቅልሎ ይሄዳል?» ብለሽኛል። እኛ አገር ትምህርት ቤት እንደ ደብር ነው፣ ከተተከለ ተተከለ። ቻርተር ግን ብዙውን ጊዜ እንደ እኔና እንደ አንቺ ተከራይ ነው። ኮንግረስ በ1996 ባወጣው ሕግ ሲቋቋሙ ገንዘቡ ከሕዝብ ይመጣላቸዋል፣ ሕንፃው ግን አብሮ አይመጣም። በተማሪ ቁጥር የሚታሰብ የቤት ገንዘብ ይሰጣቸውና ቦታ ፈላጊ ይሆናሉ። ኪራዩ ሲያልቅ ወይም ልጁ ሲበዛ ይነሣሉ። ይህን ካወቅሽ ዳይሬክተሯን እንደ ጠላት አታያትም፤ እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነፍጌያት ነበር።

አሁን ወደ መንገዱ። ስልክሽ «35 ደቂቃ» ቢልሽ አትመኚው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ልጁን ከነቦርሳው ይዘሽ፣ በትክክለኛው ሰዓት ሂጂ። የሰው ምክርም አትስሚ፤ በጁን 2025 አውቶቡሶቹ ስማቸውም መስመራቸውም ተቀይሯል። ጆርጂያ አቬኑ ላይ 70 የምንለው ዛሬ ዲ40 ነው፣ ሰዉ ግን አሁንም 70 ነው የሚልሽ። ልጁ አምስት ዓመት ከሞላው በኪድስ ራይድ ፍሪ ካርዱ በነጻ ይሳፈራል፤ አንቺ ግን አድርሰሽ ስትመለሺ፣ ሄደሽ ስታመጪው፣ ከኪስሽ ትከፍያለሽ። ቢጫ አውቶቡስ አትጠብቂ፤ ከተማው የሚልከው ለልዩ ፍላጎት ተማሪዎች ነው። ደግሞ «ሲልቨር ስፕሪንግ ብንገባስ?» ስትዪ ሰምቼሻለሁ። ሜሪላንድ ከገባሽ የዲሲ ነዋሪነትሽ ያበቃል፤ ነጻው ወንበርም አብሮ ይሄዳል።

ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ ሰዎቹን ቁጠሪ። እኔ ሆቴል የማታ ሺፍት ስገባ ልጄን የሚያወጣልኝ ማን ነበር? ከታች ፎቅ የነበሩት እማማ ናቸው። የልጅ ልጃቸውን ሊያመጡ ሲሄዱ የእኔንም የጎረቤቴንም ይዘው ይመጣሉ፣ ዳቦ ያበሏቸዋል፣ ፊደል ያስቆጥሯቸዋል። አንድም ቀን ብር ተቀብለውኝ አያውቁም። ትምህርት ቤቱ ሲርቅ ሦስታችንም በየፊናችን አፍተር ኬር ከፋዮች ሆንን። መንገዱ ላይ የነበረው ሱቅም ከሰዓት በኋላ ጭር አለ፤ ባለቤቱ «ልጆቹ ሲሄዱ እናቶቹም ሄዱብኝ» አለኝ። እንጀራውንም በርበሬውንም ከእሱ የምንገዛው እግረ መንገዳችንን ነበር።

የምትሄጂበት ሰፈር ሰዎች ቢያኮርፉሽ አትቀየሚ። ጠዋት መኪና በየበራቸው ሲደረደር እኔንም አንዲት ሴትዮ ጮኸችብኝ። ኋላ ስንግባባ ሕንፃው ልጆቿ የተማሩበት የሰፈሩ ትምህርት ቤት እንደነበረ ነገረችኝ። ተዘጋ፣ ቻርተር ገባበት፤ በሎተሪ ስለሆነ በሩ ላይ የምትኖረው የልጅ ልጇ ቅድሚያ የላትም። በ2008 እና በ2013 ዲሲ ብዙ ትምህርት ቤቶች ዘግታለች፤ እንዲህ ያለ ቁስል ያለበት ሰፈር ብዙ ነው።

የቻርተሮቹ ቦርድ ስለ ዝውውሩ ድምፅ ሳይሰጥ ሕዝብ የሚናገርበት ስብሰባ ይኖራል፣ ሂጂ። እንግሊዝኛው ካስፈራሽ ቀደም ብለሽ አስተርጓሚ ጠይቂ፤ በ2004ቱ የቋንቋ ሕግ መብትሽ ነው፣ አማርኛም ከዋነኞቹ ቋንቋዎች አንዱ ነው። እኛ ሐበሾች በር ላይ ቆመን ስናማ ማንም አይችለንም፣ ማይክ ሲሰጠን ጫማችንን እናያለን። አምስት እናቶች ሁናችሁ ሁለት ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ከድሮው ሰፈር ሻትል ይኖራል ወይ፣ ጠዋትስ በሩ ስንት ሰዓት ይከፈታል? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። የቃል ተስፋማ ለእኔም ተሰጥቶኝ ነበር፤ ሴፕቴምበር ላይ የሚያስታውሰው ሰው አልተገኘም።

ያንቺን ልጅ የሚያወጡልሽ አክስትም አሉ አይደል? ዛሬውኑ ውረጂና ራስሽ ንገሪያቸው። እኔ ለእማማ ሳልነግራቸው ቀረሁ፤ «የልጅ ልጃቸው ትነግራቸዋለች» ብዬ ነው። ለካ ሕፃኗም «አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ» ብላ ኖሯል። ትምህርት በተከፈተ ቀን ከሰዓት፣ ዳቦውን በፌስታል ይዘው፣ የተዘጋው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።