ድንጋይ ለብርሃን የሚሰጠው መልስ
በኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ እውነተኛ የሚመስል ገጽታን ስለ መሥራት

ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር የሚጓዝ መንገደኛ ጋሸናን አልፎ ኮን ሲደርስ በዙሪያው የሚያየው የዋድላ ደጋ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ጥቁር ድንጋይ የበዛበት ነው። ከጋሸና ወደ ሰሜን የታጠፈ ደግሞ ከቀይ የእሳተ ገሞራ አለት የተፈለፈሉትን 11 የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ያገኛል። እነዚህን ሁለት ድንጋዮች በኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ ለማሳየት የሚፈልግ ተማሪ ከየት ይጀምራል?

አብዛኛው ጀማሪ የድንጋዩን ፎቶግራፍ አንሥቶ በቅርጹ ላይ ይለጥፋል። ውጤቱ ግን በሥዕል የተጠቀለለ ሣጥን ይመስላል። ፎቶግራፍ የድንጋዩን ቀለምና በዚያች ሰዓት ያረፈበትን ብርሃን አደባልቆ ስለሚይዝ፣ በጨዋታው ውስጥ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ብታዘቀዝቅም የጠዋቱ ጥላ ከቦታው አይነቃነቅም። ስለዚህ የትምህርቱ መነሻ ድንጋዩን ከብርሃኑ መለየት ነው።

ለዚህም ሲባል የአንድ ገጽታ ጠባያት በተለያዩ ሥዕሎች ይመዘገባሉ። የመጀመሪያው ጥላ የሌለበት መሠረታዊ ቀለም ነው። ሁለተኛው ኖርማል ማፕ ይባላል፤ ገጹ በእያንዳንዱ ነጥብ ወዴት እንዳዘነበለ ያመለክታል። የሐሳቡ ሥር ጄምስ ብሊን እ.ኤ.አ. በ1978 ያቀረበው ጥናት ነው። ሦስተኛው ሻካራነት ነው፤ ለስላሳ ገጽ ብርሃንን ሰብስቦ ሲመልስ ሻካራው ይበትነዋል። አራተኛው ገጹ ብረት መሆን አለመሆኑን ይገልጻል። ድንጋይ ብረት ስላልሆነ ፊት ለፊት ከሚያርፍበት ብርሃን በገጹ ላይ የሚያንጸባርቀው 4 በመቶ ያህሉን ነው። የቀረው ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ከፊሉ ተውጦ ይቀራል፣ ከፊሉም የድንጋዩን ቀለም ይዞ ይወጣል።

ይህን በዓይናችን ለማረጋገጥ አንድ ሙከራ እናድርግ። በክረምት ደመና በሸፈነው ሰማይ ሥር ጥላ እጅግ ስለሚደበዝዝ ለፎቶግራፍ የተመቸ ነው። ከድንጋዩ አጠገብ ነጭ ወረቀትና ማስመሪያ እናስቀምጥ፤ ወረቀቱ ቀለሙን፣ ማስመሪያው መጠኑን ለማስተካከል ይረዱናል። ድንጋዩን ደረቅ ሳለ እናንሣ፤ ከዚያም ውኃ አፍስሰንበት እንደገና እናንሣ። ሁለት ለውጦችን እናያለን፦ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ገጹም ያብረቀርቃል። የጠቆረው ውኃው ብርሃኑን መልሶ ወደ ድንጋዩ ስለሚልከውና የሚዋጠው ስለሚበዛ ነው። ያብረቀረቀው ደግሞ ውኃው ጉድጓዶቹን ሞልቶ ገጹን ስላለሰለሰው ነው። በኮምፒዩተሩም ላይ እርጥብ ድንጋይ ለመሥራት መሠረታዊውን ቀለም ማጥቆርና ሻካራነቱን መቀነስ ያስፈልጋል። ቀለሙን ብቻ ያጠቆረ ሰው ጥላ ያረፈበት ደረቅ ድንጋይ እንጂ እርጥብ ድንጋይ አልሠራም።

ይህ ልዩነት ለላሊበላ ትርጉሙ ከጨዋታ ያልፋል። የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ዛማኒ ፕሮጀክት የአብያተ ክርስቲያናቱን ቅርጽ በሌዘር ለክቶ መዝግቧል። ቅርጽ ብቻውን ግን አለቱ የት እርጥበት እንደያዘ፣ የት ሽበት እንዳበቀለ አይናገርም። አለቱን ከሚጎዱት ነገሮች ዋነኛው የዝናብ ውኃ ሲሆን፣ በአንዳንዶቹ ላይ መጠለያ የተሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው። በሌላ አገር ከተነሣ ድንጋይ የተዘጋጀ ገጽታ ቢለበስባቸው ሥዕሉ ሊያምር ይችላል፤ ነገር ግን ጉዳቱን ይሸፍናል፣ ተመልካቹንም ያሳስታል።

እንግዲህ የኮን ተማሪ ከሁሉ የሚበልጠው መምህር ከደጁ አለለት። ኮምፒዩተሩን ከመክፈቱ በፊት ድንጋዩን በደረቅና በእርጥብ፣ በጠዋትና በማታ ይመልከት።